የዋይፋዩ ጠያቂዎች

እንጅባራ፣ ቅዳሜ ሐምሌ 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ባሕር ዳር ካለችው ልጄ ከሰብለ ጋር በቪዲዮ ስናወራ ምስሏ ቀጥ እያለ ስላስቸገረኝ፣ ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተር ጠጋኙን ደመላሽን አስጠራሁት። በስልኩ ገብቶ ራውተሩን አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ዕቃው ምንም አልሆነም። ሰፈሩ በሙሉ ገብቶበት ነው እንጂ።»

ጥፋቱ የእኛው ነው። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ሰብለ ለለቀስተኛው ብላ ፓስወርዱን ጽፋ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ለጥፋው ነበር። ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሰዉም ተበተነ፤ ፓስወርዱ ግን በየስልኩ ቀረ። ለካ በዚህ ሁሉ ዝናብ አጥሬ ጥግ ጃንጥላ ይዘው የሚቆሙት ለዚህ ኖሯል! እኔ ሞኙ ባጃጅ የሚጠብቁ መስሎኝ።

ደመላሽ ፓስወርዱን ቀይሮልኝ ሄደ። ለሰብለ ደወልኩላት፤ ፊቷ ጥርት ብሎ ታየኝ። ከስታለች።

ከአርባዋ ወዲህ ይህን በር ያንኳኳ ጎረቤት አልነበረም። ዛሬ ከሰዓት ግን ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። መጨረሻ የመጣችው የአጥር ጎረቤቴ ጥሩዬ ናት። ከነእርጥብ ነጠላዋ ገብታ ባለቤቴ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ደስ አለኝ። ስለ ጉልበቴ፣ እንቅልፍ ስለ ማጣቴ እነግራት ጀመር። ዓይኗ ግን ራውተሩ ላይ ነበር።

«ምን ነካው፣ ጋሼ? ከጠዋት ጀምሮ እምቢ አለን እኮ» አለች።

«ተበላሽቷል» አልኳት።

«ውይ! እንግዲያው ነገ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ» ብላ ወጣች።

ትምጣ። ፓስወርዱን እንደሆነ አልሰጥም። ከሰጠኋቸው ማን ይመጣል?