የእትዬ ዙፋን ላም ዩሪያ የላሰች ዕለት

ውድ ሰብሃት፣

ቦንጋ ዝናቡ አላባራ ብሏል። አንተ ወደ ሐዋሳ ከተዛወርክ ወዲህ ከግብርና ቢሮው ጀርባ አብረን የተከልነውን የዝሆኔ ሳር የምንከባከበው እኔ ብቻ ነኝ። ዩሪያ ማዳበሪያ ያገኘው መደብ ቅጠሉ ሰፍቶ ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ ሆኗል፤ ያላገኘው ግን ወደ ቢጫ አድልቶ ቀጭጮ ቀርቷል። "አየህ?" የምለው ሰው ስለሌለኝ አይቼው ብቻ እመለሳለሁ። ቢሮ ውስጥ ባልደረቦቻችን በካፊኖኖ ቋንቋ ሲሳሳቁ እኔም ሳይገባኝ ፈገግ እላለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ልንገርህ። ሳሩ ታጭዶ ስለነበር፣ ቶሎ እንዲያቆጠቁጥ ዩሪያ እየበተንኩ ሳለ ዶፍ ወረደ። የተረፈውን ጆንያ አስሬ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አስቀመጥኩና ገባሁ። ለካ ከአጥሩ ማዶ ያሉት የአከራዬ የእትዬ ዙፋን ላም ገመዷን በጥሳ ኖሯል። ስወጣ ጆንያው ተቀዷል፤ ላሟ አረፋ ደፍቃ፣ ሆዷ ተነፍቶ ትንቀጠቀጣለች። ያለቻቸው እሷው ብቻ ናት።

"ወሰኔ፣ ሞተችብኝ!" አሉ እትዬ ዙፋን ራሳቸውን ይዘው።

የእንስሳት ሐኪሙ ለሥራ ወደ ሺሺንዳ ሄዷል። ላንተ ደወልኩ። ምን እንድታደርግልኝ እንደሆነ እንጃ። አላነሳህም። ደገምኩ፤ አላነሳህም። ከዚያ ዩሪያ ለላሰች ከብት አቼቶ መድኃኒት እንደሆነ ትዝ ሲለኝ፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ምግብ ቤት ሮጬ ያላቸውን አቼቶ ሁሉ ለምኜ አመጣሁ። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን፣ እሳቸው ቀንዷን ይዘው እኔ በጠርሙስ ጋትኳት። ዝናቡ ላይ ተቀምጬ አንገቷን እያሻሸሁ ጠበቅሁ። ሊመሽ ሲል አገሳች፤ ትንሽ ቆይታም ተንገዳግዳ ቆመች።

እትዬ ዙፋን ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

"እያለቀስሽ የደወልሽለት ማነው ልጄ?"

"የሥራ ባልደረባዬ ነው።"

"ባልደረባ እንዲህ አያስለቅስም" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እወድህ ነበር፤ አሁንም እወድሃለሁ። በማግስቱ "ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ በሰላም ነው?" ብለህ ጻፍክልኝ። "በሰላም ነው" አልኩህ።

ከዚያ ወዲህ እራቴን የምበላው ከእትዬ ዙፋን ጋር ነው። ብዙ አናወራም። ቤቴ ስገባ ግን ስልኬን ማየቴን አልተውኩም።

መልስ ስጠኝ ብዬ አላስጨንቅህም። ብቻ ከእንግዲህ "በሰላም ነው?" ብለህ ከጠየቅኸኝ እውነቱን ነው የምነግርህ።

ደህና ሁንልኝ።

ወሰንየለሽ
ከቦንጋ