ከሥዕሉ ጀርባ የቆየው ፖስታ

ውድ ልጄ ዶምኒካ፣

ከመንደራችን ድንበር ተሻግሮ የሚመጣው ሹፌሩ ጊጻ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የፕሪም ማርማላታ ይሰጥሻል። እሱ ይቆይ። ሌላ ፖስታ አለ፤ ማኅተም ያለበት፣ በስምሽ የተጻፈ። እሱን ግን እዚያው ጊጻ ፊት ቆመሽ ክፈቺው። ሳትከፍቺው ሞተር እንዳያስነሳ አስምዬዋለሁ።

ፊደሌን ታውቂዋለሽ፣ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው የተማርኩት። ይህችን ታህል ስጽፍ እንኳ ሦስቴ ከወንበሬ ተነስቻለሁ።

ማክሰኞ በስልክ ፖስታ መጥቶልሻል ስልሽ ምን አልሽኝ? «አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ የማስታምማትን አሮጊት እያጠብኩ ነው። እንደ ሌሎቹ ከሥዕሉ ጀርባ ሻጠው፣ ለፋሲካ ስመጣ አየዋለሁ።» ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ግቢውን እዞራለሁ፤ የተፈለጠውን እንጨት መልሼ እፈልጣለሁ። ውሻው ሳይቀር ታዝቦኛል።

በቤታችን ማኅተም ያለበት ወረቀት ለምን ከማርያም ሥዕል ጀርባ እንደሚገባ ታውቂያለሽ። አያትሽ አንድ ወረቀት ፈረመ፤ በማግስቱ ሁለቱ ፈረሶቹና የወንዝ ዳሩ መሬት የኅብረት እርሻው ሆኑ። ሲሞት «ቶአደር፣ የመንግሥት ወረቀት ካልከፈትከው አይነክስም» አለኝ። ይህን እንደ ሃይማኖት ያዝኩት። የመጣውን ሁሉ እዚያ እሸጉጣለሁ፣ ፕሪሙ ከተለቀመ በኋላ ይታያል እላለሁ። ፕሪሙ ይለቀማል፣ ወረቀቱን የሚያይ የለም።

አሁን የምነግርሽን ቆመሽ አታንብቢው፤ ተቀመጪ።

በእናትሽ ቀብር ቀን «እናቴ አንድ ቀን እንኳ ተመርምራ ቢሆን ኖሮ» እያልሽ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። ሳቬታ ተመርምራለች፣ ልጄ። የዛሬ ሰባት ዓመት ያ የምርመራ መኪና መጥቶ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሲቆም፣ እኔ «የእኔ ሚስት የመንደሩ ጠጪ ሁሉ እያያት እዚያ አትወጣም» ብዬ ነበር። እሷ ግን እርሾ ልግዛ ብላኝ ከጎረቤታችን ከካትሪና ጋር ሄደች። የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ነው። ካትሪና ኋላ እንደነገረችኝ አሥር ደቂቃም አልፈጀባት፤ እርሾውንም ገዝታ ተመለሰች።

በዚያ መከር በየቀኑ «ፖስተኛው አልመጣም?» ትለኝ ነበር።

«ከፖስተኛ ምን አለሽ? በዚህ ዕድሜሽ ውሽማ ያዝሽ እንዴ?»

«ብይዝ አንተን እጠይቃለሁ?» ትልና ትስቃለች።

ፖስታው መጥቶ ነበር። እሷ ወፍጮ ቤት ሄዳ እኔ ተቀበልኩት። ማኅተሙን አየሁ፤ የማን ስም እንዳለበት እንኳ ሳላነብ ከሥዕሉ ጀርባ ሻጥኩት። እሷም ለካትሪና «ካልጠሩኝ ደኅና ነኝ ማለት ነው» አለቻት። በዚያ እምነት ሦስት ዓመት ኖረች።

ደም አልቆም ሲላት ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሟ «ከዚህ በፊት ተመርምረው ያውቃሉ?» ብላ እሷን ስትጠይቅ፣ እኔ ቀድሜ «የእኔ ሚስት ጤነኛ ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጋ አታውቅም» አልኩ። እናትሽ አየችኝ፤ ከዚያ የአንሶላውን ጠርዝ አስተካከለች። በሰው ፊት ውሸታም ልታደርገኝ አልፈለገችም።

ከሞተች በኋላ ለፋሲካ ግድግዳውን ኖራ ልቀባ ሥዕሉን ሳወርድ ፖስታዎቹ ረገፉ። አንዱ የእሷ ነበር። ፊደል እየቆጠርኩ ሁለት ቀን አነበብኩት። ለውጥ ታይቷል፣ ካንሰር ግን ገና አይደለም፣ በሦስት ወር ውስጥ መጥተው ይታከሙ ይላል። ገና አይደለም። ይቺን ቃል እስከ ዛሬ ግቢውን ስዞር እላታለሁ።

ባለፈው ነሐሴ መኪናው ተመልሶ ሲመጣ እጅሽን ይዤ የጎተትኩሽ ለዚህ ነው። «አባዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው የሴቶች ሐኪም የሆንከው?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። አንቺ ውስጥ ሳለሽ እኔ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዬን አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ። ከመጠጥ ቤቱ ደጅ «ቶአደር፣ ወረፋ ይዘህ ነው?» አሉኝ። «አዎ፣ ለሚስቶቻችሁም ይዣለሁ፣ ሂዱና ጥሯቸው» አልኳቸው። ሁለቱ ሄዱ። ያን ቀን ትንሽ ኮራሁ። እውነቱን ግን ለአንቺ አልነገርኩሽም። አባትሽ ፈሪ ነው፤ ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው።

የአንቺን ፖስታ አልከፈትኩትም። ምን እንደሚል አላውቅም። ደኅና ነሽ ካለ በጊጻ ስልክ ደውይልኝ። ነይ ካለ ግን ሌላ ሐሳብ የለም፤ ጊጻ እሑድ ማታ ወደዚህ ሲመለስ ከጎኑ ያለውን ወንበር ላንቺ አስይዤዋለሁ። አሮጊቷን ሌላ ሰው ያጥባት። እሷ ዘጠና ሞልቷታል፣ አንቺ አርባ አንድ ነሽ። ልትረግሚኝ ከፈለግሽም መጥተሽ እርገሚኝ፤ ባርኔጣዬን አውልቄ እሰማለሁ።

ሥዕሉን ከግድግዳው አውርጄ የመስኮቱ መስተዋት ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከእንግዲህ ከጀርባው ምንም አይደበቅም፤ ከመንገድ እንኳ ይታያል።

የጊጻ መኪና ማክሰኞ እዚህ ይገባል። ብትወርጂም ባትወርጂም ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ ዳር ነኝ።

አባትሽ ቶአደር