ስንዴ የማያሳልፍ ወንፊት

መሳለሚያ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ አባት፣

ይህ ወረቀት ወገብህ ተሽሎህ፣ ማሳውም ላሞቹም ደህና ሆነው ያግኝህ። ክረምት ላይ ያመመህ ጉልበትስ እንዴት ነው? ቅባቱን ትቀባዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ታቅፈኸው ትተኛለህ? እህትህን ሳምልኝ። እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ሰሞኑን ደስ ብሎኛል ብልህ አታምነኝም። ለምን ደስ እንዳለኝ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ፤ አንተ ብቻ እንደ ስልኩ አታቋርጠኝ። ከቤቱ መፍረስ ወዲህ ስለ ልጁ ልጀምር ስል ኔትወርክ የለም እያልክ ትዘጋብኛለህ፤ በወረቀት የመጣሁብህ ለዚህ ነው።

ቤታችን የፈረሰ ዕለት በስልክ ያልከኝን አልረሳሁትም። «በሩን ለማንም እንዳትሰጪ፤ ይገረም ሲመጣ የሚያውቀው ያንን በር ነው» አልከኝ። አዲሱን አድራሻ ለጥበቃውም ለባለሱቁም ጽፈሽ ተዪላቸው አልክ። እኔም እሺ አልኩህ። አልተውኩላቸውም። በሩን ደግሞ፣ አትቆጣ፣ ወንፊት ሠራሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ውሃው እዚያው፣ መጸዳጃው እዚያው፣ ወረፋ የለ ጭቅጭቅ የለ። ግን የገባሁ ቀን ቀና ብዬ ሳይ ከላዬ ያለው ጣሪያ ሳይሆን የሌላ ሰው ወለል ነው። እዚህ ቤት ልጅ ጥርሱ ቢወልቅ የት ነው የሚወረውረው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ የልጃችን ጥርስ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ። የመጀመሪያዋን ታስታውሳለህ? በክር አስረህ ነቀልክለትና ትከሻህ ላይ አወጣኸው። ጣሪያው ላይ ወረወራት፣ ቆርቆሮው አንከባሎ እግርህ ሥር መለሳት። እንደገና ወረወራት፣ እንደገና መጣች። በሦስተኛው ጠፋች። አሞራው ወስዷታል አልከው። እኔ ግን የቤቱን ዙሪያ የምጠርግ እኔ ነኝና የትም እንዳልሄደች አውቅ ነበር። ጠፈጠፉ የሚወርድበት ጠጠር ውስጥ ነው የገባችው።

በማግስቱ ያቺን ጥርስ ፍለጋ ወደ ፍርስራሹ ሄድኩ። ቦታው ታጥሯል፤ ጥበቃው ጋሼ ደመቀ ማሽኑ እስኪመጣ ስድስት ቀን አለሽ፣ ሰው ብቻ እንዳትሰበስቢብኝ ብለው አስገቡኝ። መጀመሪያ በዱቄት ወንፊቴ ሞከርኩ፤ አፈሩ ደፈነውና ወንፊቱም ተበላሸ። የግንበኞቹን የአሸዋ መንፊያ ተዋስኩ፤ እሱ ደግሞ ባቄላ እንኳ የሚያሳልፍ ሆነ። የወተት ጥርስ ባቄላ አታክልም፤ ስንዴ ብታክል ነው። እንግዲህ እኔ የምፈልገው ጤፍ እንደ ልቡ የሚያልፍበት፣ ስንዴ ግን የሚቀርበት ሽቦ ነው አልኩ። አንድ ጭብጥ ስንዴ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ምናለሽ ተራ ወረድኩልህ። በየሽቦ ሻጩ ደጅ ስንዴዬን እየፈታሁ፣ ሽቦው ላይ እየበተንኩ፣ አላለፈም አለፈ እያልኩ። ጀዋር የሚባል አንዱ ጎረምሳ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ቆየና «እትዬ፣ ሽቦ ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ዶሮ ሊቀልቡ?» አለኝ። ተራው በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሆነ ስነግረው ግን ሳቁን ትቶ ከጓዳው ሌላ ጥቅል አወጣና ስንዴውን እሱ ራሱ በተነው። አንዲት ፍሬ አላለፈችም። ሽቦውን በምስማር ብቻ ብመታው አፈሩ ሲከብደው እንደሚቀደድ፣ ከላዩ ቀጭን ጣውላ አድርጌ አብሬ መምታት እንዳለብኝ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ጣውላው እንግዲህ በሩ ነው። ሌላ እንጨት አጥቼ አይደለም። አንድ ሰዓት ያህል ፊቱ ቆሜያለሁ። ከዚያ መጋዝ ተዋስኩና አራት ቦታ ቆረጥኩት። ያ ከታች በኩል ይገረም ኳስ እየመታ ያጎደጎደው፣ እሱ አሁን የወንፊቱ አንድ ጎን ነው። በአራቱም ጥግ ገመድ አስሬ ሳይነቀል ከቀረው የግቢው በር ብረት ላይ አንጠለጠልኩት። እኔ ከዚህ ስገፋ ፋጢማ ከዚያ ትመልሰዋለች። የግድግዳ ተጋሪያችን የነበረችው ፋጢማ ኮንዶሚኒየሙ ሩቅ ነው የደረሳት፤ ይኸው ሁለት ታክሲ ይዛ በየቀኑ ትመጣ ነበር። ጠጠሩን እየዛቅን፣ ሸራ ላይ በፀሐይ እያደረቅን፣ እየነፋን። እርጥብ አፈር አይነፋም፤ ይህን ለመማር አንድ ቀን ሙሉ ፈጅቶብናል።

ያገኘነውን ብነግርህ። ብይ ብቻ አንድ ጣሳ ሙሉ። ቆርኪ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የፋጢማ ልጅ የምስራ የአንገት ዶቃ፣ ያ ሦስት ቀን ያለቀሰችበት። የቁም ሳጥኑ ቁልፍም ተገኘ። ደብቀሽብኝ ነው ብለህ በመዶሻ ሰብረህ የከፈትከው ቁም ሳጥን። ይኸው ከውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር ወጣ። የደበቀው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። ቁልፏን ይዤ ጠጠሩ ላይ ተቀምጬ በሳቅ ስፈርስ ፋጢማ አበደች ብላ ውሃ አመጣችልኝ።

በአምስተኛው ቀን ወንፊቱ ላይ ሦስት ጥርሶች ቀሩ።

ሦስት። የአንድ ግቢ ልጆች ሁሉ የወረወሩት እዚያ ጣሪያ ላይ እንደሆነ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። የፋጢማ ልጆች ብቻ አራት ናቸው። መዳፌ ላይ አድርጌ ስቆጥራቸው ፋጢማ መጥታ አንዷን አነሳችና «ይቺ የይገረም ናት» አለችኝ። ወዲያው ነው ያለችው። መነጽሯን ሳታደርግ።

ጥርስ ለምን አስፈለገሽ ትለኛለህ። አሁን በስልክ ያላስጨረስከኝን ልጽፍልህ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ዱባይ ተራ ሱቅ ከይገረም ጋር ይሠራ የነበረውን ፈርሀትን ታውቀዋለህ፤ በመተማ አብረው ነው ከአገር የወጡት። የዛሬ አራት ዓመት ሰኔ ላይ ፈርሀት ተመለሰ። በራችን ላይ መጥቶ ቆመ፤ ግባ ብለው አልገባም፣ ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም። የጫነቻቸው መኪና በረሃው መሃል እንደተበላሸች፣ ውሃው በሦስተኛው ቀን እንዳለቀ ነገረኝ። የመጨረሻዋን ጉንጭ በእጁ እንዳጠጣው፣ በኋላም ፊቱን በራሱ ሸሚዝ እንደሸፈነለት ነገረኝ። ቦታውን ታውቀዋለህ ወይ አልኩት። «ማዘር፣ አሸዋ ምልክት አይይዝም» አለኝ። ለማንም እንዳይናገር በእናቱ አስማልኩት።

የዚያኑ ቀን ማታ ደወልክ። በቆሎው ጥሩ እንደያዘ አወራኸኝና እንደ ሁልጊዜው መጨረሻ ላይ፣ ደወለ እንዴ አልከኝ። ገና ነው አልኩህ። ለእንቁጣጣሽም ገና ነው፣ ለጥምቀትም ገና ነው፣ አራት ዓመት ሙሉ ገና ነው። ልጁ ከሄደ በኋላ ቤቱ ጠቦህ ወደ አባትህ አገር ስትመለስ የወሰድከው ተስፋህን ብቻ ነበር፤ ያንን እኔ ልቀማህ? ባዶ እጄን ልነግርህ ደግሞ አልሆነልኝም። መቃብር የለ፣ ልብስ የለ፣ ምን ይዤ? ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ነጠላዬን ዘቅዝቄ እለብሳለሁ፤ ያኔ የፋጢማ ኮቴ ሲሰማ አስተካክል ነበር። እሷ ግን ዱሮውንም አውቃ ኖሯል፤ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

የነፍስ አባቴን አናግሬያለሁ። ፍትሐቱ በክርስትና ስሙ ይደረግለታል፤ ጥርሷን አፈር ማልበስም ማንም አይከለክልሽም አሉኝ። እዚህ ግን የማለብሳት አፈር የለኝም፤ የነበረኝን ነፍቼ ጨረስኩት። ስለዚህ ከወረቀቱ ጋር የላክሁልህን የነጠላ ቁራጭ ቀስ ብለህ ፍታው፤ ትንሽ ናት፣ እንዳትወድቅብህ። አባትህ መቃብር አጠገብ አድርጋት።

የእሱ መሆኗን እኔ አላውቅም፤ ሌላ ውሸት አልጨምርብህም። ክሩ ሲስባት ጫፏ ተሸርፎ እንደነበር ያየኸው አንተ ነህ፤ እኔ ደሙን ፈርቼ ፊቴን አዙሬ ነበር። አሁንም አገላብጬ አላየኋትም። እያት። ከሆነች ደውለህ ንገረኝ። ካልሆነችም ያው ቅበራትና፣ እኔ አራት ዓመት ዝም እንዳልኩልህ አንተም ዝም በልልኝ።

የምትገባበትን ደጅ እግዚአብሔር አይዝጋብህ፣ እንቅልፍህን ይመልስልህ፣ እኔንም ይቅር የምትልበትን ልብ ይስጥህ። ቅባቱን ተቀባ።

የልጅህ እናት