ለሙት የተሰጠ ግጥም

ኅዳር 3፣ ሰኞ

መብራት ሄዶ መጣ። ለድረ ገጻችን አሥራ አንድ ግጥም ደርሶናል፤ ዘጠኙ በድምፅ። የሐርጌሳ ሰው መጻፍ ይሰለቸዋል፣ መናገር ግን... እኔና ኸደር ሁለታችን ብቻ ነን፤ መጽሔት ነን እንላለን!

አንዱ ግጥም አስቆመኝ። የአሮጊት ድምፅ ነው። እንደ ወጉ ግጥሙን ከማለቷ በፊት የገጣሚውን ስም ትጠራለች፦ «ግጥሙ የኤብላ ጅብሪል ነው።» ስመ ጥሩዋ ገጣሚ ኤብላ ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ማንም ያልሰማው ግጥሟ ከየት መጣ? ስለ ጠርጣራ ባል ነው። የሚስቱን ስልክ ይበረብራል፣ እንግዳ ሲወጣ ብርጭቆ ይቆጥራል።

ዱካ እየፈለገ ደጅ ደጁን ሲያይ፣
እቤት ያለሁትን አላየኝም ወይ?

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ምን ዓይነት ባል ነው? ለባለቤቴ ለኢድማን አነበብኩላት፤ ፈገግ እንኳ አላለችም። ግጥም አይሆንላትም።

ቅድም ቤት ስገባ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ነበር። ማን መጣ? «ጎረቤት» አለች። የትኛዋ ጎረቤት?

ኅዳር 6

ለጠፍነው። ሰው ተቀባበለው። ከዚያ አንዱ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ኤብላ የሞተችው ሞባይል ሳይመጣ ነው። ባልየው የሚበረብረው የምን ስልክ ነው?»

ጉድ ፈላ! የሰው ግጥም የሰረቀ እዚህ ይናቃል። የራሱን ለሙት የሰጠስ? «አጭበርባሪዎች» እያሉን ነው። ስማችን ከጠፋ ማን ግጥሙን አምኖ ይሰጠናል?

ኅዳር 7

ኸደር ይሆን? «አንተ ነህ አይደል?» አልኩት።

«ወላሂ ጉሌድ፣ አንተ ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቃለህ።»

ሳቀ። በዚህ ሰዓት የሚስቅ ሰው አላምንም።

ኅዳር 10

ግጥሙን የላከችው አሮጊት ስልክ ዝግ ነበር። ዛሬ ተከፈተ። እማማ ሻምስ ይባላሉ፤ ገበያ ውስጥ የግመል ወተት ይሸጣሉ። ሄድኩ።

«እማማ፣ ግጥሙን ማን ሰጠዎት?»

«አደራ አለብኝ።»

«በሙት ስም መዋሸት አደራ ነው?»

አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ የሰጠችኝ ሴት ባሏ ጠርጣራ ነው። ‹ሙትን ግን አይጠረጥርም› ብላኝ ነው። በል ሂድ... ኢድማንን ሰላም በልልኝ።»

መንገድ ላይ ነው የገባኝ። የሚስቴን ስም አልነገርኳቸውም።

ኅዳር 11

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ መጀመሪያ የምትለኝ ‹ማን ጻፈልሽ?› ነው።»

ልጠይቃት የነበረው እሱኑ ነው። እንደ ዛሬ አፍሬ አላውቅም።

ኅዳር 12

ሻንጣዋን ይዛ ቡርዖ፣ እናቷ ጋ ሄደች። «መቼ ትመለሻለሽ?» አልኳት።

«ምርመራህን ስትጨርስ።»

ኅዳር 17

ግጥሙ አናት ላይ ስሟን ጻፍኩ። ኢድማን ፋራህ። ከሥሩ ይቅርታ።

ኸደር ፈራ። «ባልየው ማን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ሊያውቅ ነው እኮ!»

«ይወቅ።»

አወቀ። ሻይ ቤት ስገባ አንዱ ብርጭቆውን አንሥቶ «ቆጥረኸዋል?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ተቀመጥኩ።

ከሰዓት ደወልኩላት። ከኋላዋ ሳቅ ይሰማል። የወንድ ድምፅም አለበት። የማን ነው? ወንድሟ? ወንድሟማ ጅቡቲ ነው... ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«አዲስ ግጥም አለሽ?» አልኳት።



«አለኝ» አለች። «አንተ ግን የለህበትም።»