ዘይነባ ያስረከበችው ካርድ

ረቡዕ
«ኤስኤልአር የባንክ ነገር ነው እንጂ ካሜራ አይደለም» ብላ ሳቀችብን እኮ! ኑራ ናት፣ ኢኮኖሚክስ የምትማረው የማዳም ልጅ። እኔና ዘይነባ የምንሠራው እነሱ ቤት ነው፤ እሷ ታጸዳለች፣ እኔ አበስላለሁ። ዘይነባ ያንን ትልቅ ካሜራዋን እየወለወለች ስሙን ብትነግራት፣ መጽሐፏን ገልጣ አነበበችላት፤ ባንክ ካስቀማጮች ገንዘብ ላይ ሳያበድር የግድ የሚያቆየው ድርሻ ነው አሉ። ይሁን። ፎቶ አንሺም ካሜራውን በዚያው ስም ይጠራል፤ ይኼ ምኑ ያስቃል? ዘይነባ መች ዋዛ ናት፣ «ያንቺ ባንክ ሙሽራ ያነሳል?» አለቻት።

ሐሙስ
ዛሬ ማታ የማዳም እህት ልጇን ትድራለች፤ አንሺዋ ዘይነባ ናት። ጠየቋት እንዴ? አዘዟት እንጂ! ሴቶቹ አዳራሽ ወንድ አይገባም፤ የእንግዶች ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። ሲያልቅ አንሺዋ የፎቶውን ካርድ ከካሜራው አውጥታ ለሙሽራዋ እናት ታስረክባለች። ወጉ ነው።

ዓርብ
ጉድ ሆንን። ዘይነባ እንደ ወጉ ካርዱን አስረከበች፤ ለካ የከድጃ ኒካህም እዚያው ላይ ነበር! ከድጃ አብሮ አደጓ ናት፤ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ዐረብ አገር፣ ዐቅረቢያ ሰፈር፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ተዳረች። ፎቶው ሌላ ቦታ አልተገለበጠም። ወሎ ላሉት እናቷ ይዞላቸው የሚሄደው ሰው ደግሞ ነገ ይበራል። ማዳምን ለመንናት።
«ኸላስ፣ አበቃ! ካርዱ የእህቴ ነው» አለች።
የኛ ሰርግ ሰርግ አይደለም? ድስቱን ሳንጓጓ ዋልኩ። ዘይነባ «ተይ እታለም፣ ድስቱ ምን አደረገሽ?» ትለኛለች፣ እያለቀሰች።

ቅዳሜ
ማን ሄደ? ያቺው የሳቀችብን ኑራ! አክስቷ ቤት ሄዳ የከድጃን ፎቶዎች በፍላሽ ገልብጣ መጣች።
«ቀይ ቀሚስ ለብሳ እንደዚያ የምትጨፍረው ማን ናት?» አለች።
ዘይነባ ጣቷን ወደ እኔ! አፈርኩ፣ ግን ሳቅኩ።
ፍላሹን መንገደኛው እጅ አደረስን። ከድጃ ስልክ ላይ «አልሐምዱሊላህ፣ እማዬ ልታየኝ ነው» ስትል ጆሮዬ ሊደነቁር።
ካርዱን ግን አልመለሱም። ካርድ የሚቀበሉት ሙሽራቸውን ባዕድ እንዳያይባቸው አይደል? የኛይቱስ? ፀጉሯን ገልጣ፣ ስቃ፣ እዚያው ካርድ ላይ አለች። ነገ ማዳምን ፊት ለፊት እጠይቃታለሁ። ሙሽኪላ፣ ጣጣ ከሆነም ይሁን።