ቆርቆሮ የሌለው ቤት

ሰኔ 20፣ ጠዋት
ሶሌታው፣ የቤቱ የኮንክሪት ጣሪያ፣ ዛሬ ይሞላል። ፌሮው ታስሯል። ሚክሰሩ ደርሷል። ደመና አለ፤ ይኑር። ማስታወሻዬ፣ አንተ ታውቃለህ። በጃንሆይ ዘመን የተሠራ የአንድ መሐንዲስ ቤት ለመንገድ ሲፈርስ ቆሜ አየሁ። ቀድሜ ግን እያንዳንዱን ክፍል በሜትር ለክቼ ነበር። ዝቅ ያለ፣ ረጅም፤ ግንቡ ጥቁር ድንጋይ፣ መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ። ደ/ማርቆስ እንዲያ ያለ ቤት ዳግም አላየችም። እሱኑ እሠራለሁ። አልጨምር፣ አልቀንስ።

ያው ቀን፣ ማታ
ሚክሰሩ ተሰበረ። በእጅ አቦካን፤ ግማሹ ላይ መሸ። ነገ የእመቤታችን ሕንጸታ ነው፤ ሠራተኛ አይገኝም። ሶሌታ ባንድ ቀን ካልተሞላ መጋጠሚያው ውሃ ያስገባል። ግንበኛው ይበልጣል ከበዓሉ በኋላ ይሁን ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልሁ።

ሰኔ 21
ሥራ የለም። እኔም አካፋ አልነካሁ። የእሷ ቤት በታነጸበት ቀን የራሴን ልሠራ? ቅዳሴ ቆሜ ሐሳቤ ሶሌታው ላይ። ዝናብ።

ሰኔ 22
ተሞላ። ይበልጣል ይይዛል ይላል። ዓይኔን አያይም።

ነሐሴ 4
የኪራዩን ቤት ለቀን ገባን። ባለቤቴ እናኑ ዕቃ ትደረድራለች።

ነሐሴ 9
ያፈሳል። ልክ በመጋጠሚያው፣ መኝታ ቤቱን ለሁለት ከፍሎ። በሲሚንቶ ደፈንን፣ ሬንጅ ቀባን። ያፈሳል። የእናኑ ደረት ያፏጫል። ፍልሰታ ሆኖ ቅዳሴ መሄድ አቃታት። ጎረቤታችን ቄሱ ጠፍጣፋውን ጣሪያ ሽቅብ አዩና «ይህን አውድማ መቼ ነው የምትወቃበት?» አሉኝ። ይበልጣል ደግሞ ላዩ ላይ ቆርቆሮ እንምታ ጋሼ፣ በሁለት ቀን ያልቃል ይላል። ቆርቆሮ ካለበት የማንም ቤት ነው አልሁት። እናኑ ከጓዳ፦ «የማንም ቤት እኮ ደረቅ ነው!»

ነሐሴ 14
ልጃችን ስመኝ እናቷን ልትወስድ ከደጀን መጣች። ቆርቆሮ ይመታ ካልሁ እናኑ ትቀራለች። በግልጽ ነግራኛለች። እኔ ግን ሽቅብ ሶሌታውን አየሁ። «አንተ ቤቱን አግብተሃል፤ እኔ ሚዜ ሆኜ አልቀመጥም» አለች። ስመኝ ሳቀች። ወዲያው አለቀሰች። ጓዙን እስከ መናኸሪያ ተሸከምሁ።

ነሐሴ 15
ዝናብ። ቤቱ ያምራል። ያምራል እኮ! በመስኮቱ ሜዳው ሁሉ ይታያል። የሚያይ የለም። ደወልሁ። ስመኝ አነሳች። እናቷ ተኝታለች፣ ዛሬ አላሳላትም።
ይበልጣልን አስጠራሁት። ቆርቆሮ አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ ሶሌታው ፈርሶ እንደ አዲስ ይሞላል አልሁት። አበዱ እንዴ ጋሼ፣ እማማስ እስከዚያ? አለ። ደጀን ትቆይ አልሁ። ከዚያ በኋላ ትመለስ እንደሆነ እሱ አልጠየቀኝም። እኔም እሷን አልጠየቅኋት።