የዑመይር ፈቃድ

ጂዳ ላለኸው ወንድሜ ዑመይር፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታችን ባለህበት ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ዘንድሮ ቡታጅራ ዝናቡ ጥሩ ነው። ለአረፋ ሰው ሁሉ ከያለበት አገሩ ገብቶ ነበር። እማዬ የአንተን ክትፎ ለብቻ አስቀምጣ፣ "መንገድ ላይ ነው" እያለች ማንንም አላስነካችም።

አምና መንዙማ ስትል ተቀርጸህ ዩቲዩብ ላይ የጫንከውን ቪዲዮ እማዬን ስልክ ጠጋኙ ሙባሪክ ሱቅ ወስጄ አሳየኋት። ገና ስትጀምር "አሰላሙ ዐለይኩም" ትላለህ አይደል? "ወዐለይኩሙ ሰላም፣ ልጄ፣ ምነው ጠፋህ?" አለችና መልስህን ጠበቀች። አንተ መንዙማህን ቀጠልክ።

የእሷ ስልክ ባለቁልፍ ነው፣ ቪዲዮ አይከፍትም። ድምፁን ብቻ አውጥቶ ሚሞሪ ላይ እንዲጭንላት ሙባሪክን ለመንኩት።

"በነፃ እናወጣለን የሚሉት ድረ ገጾች ቫይረስ ነው የሚያወርዱብኝ" አለኝ። "ደግሞም የሰው ሥራ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አልነካም።"

"ባለቤቱ እኮ ወንድሜ ነው" አልኩት።

"ታዲያ ምን ቸገረሽ? ደውይና ይፍቀድልሽ፤ ወይ ድምፁን ራሱ ይላክልሽ።"

ስልክህ መጥራት ካቆመ ወራት ማለፉን አልነገርኩትም። ሚሞሪዋን ይዤ ተመለስኩ።

ወንድምዓለም፣ ድምፁን መላክ ካልተመቸህ ይቅር። "ፈቅጃለሁ" ብቻ በል። ስልክህ ተበላሽቶ ከሆነ ለሚመጣ ሰው ንገር። አልፈቅድም ብትልም አልቀየምህም፤ ብቻ አንተው በለው።

እማዬ ከየሰላቱ በኋላ ዱዓ ታደርግልሃለች። ባለህበት አሚን በል።

እህትህ ሃፊዛ